አስታማሚውን ያልቆጠረ ሕክምና

ልጅ ካንሰር ሲይዘው ካርዱ የሚወጣው በአንድ ሰው ስም ነው። ሕክምናው ውስጥ የሚገባው ግን ቤቱ በሙሉ ነው። ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) የሚንጠባጠበው በሕፃኑ ደም ሥር ቢሆንም፣ እርሻው ጦሙን የሚያድረው የአባትየው ነው፤ ጡት ሳይጠግብ ከአያቱ ዘንድ የሚቀረው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ትምህርቷን ትታ ሊጥ የምታቦካውና ውኃ የምትቀዳው ታላቅ እህቱ ናት። ሐኪሙ በሚጽፈው ማዘዣ ላይ የእነዚህ ሰዎች ስም አይገባም። የሕክምናው መጨረሻ ግን በእነሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የዚህ ሐተታ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። በሀገራችን ካንሰር የያዘው ሕፃን መዳን አለመዳኑ የሚለየው በመድኃኒቱ ጥራትና በሐኪሙ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ ሕክምናው እስኪያልቅ ሳይፈርስ መቆየት በመቻሉም ጭምር ነው። እንግዲያውስ የአስታማሚ ማረፊያ፣ የመኪና መሳፈሪያ፣ የዕለት ጉርስ ለደግ ሰው ቸርነት የሚተው ጉዳይ መሆን የለበትም። ከመድኃኒቱ እኩል ሊታሰብና በጀት ሊያዝለት የሚገባ የሕክምናው አካል ነው።

በሽታው ይድናል

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ እውነት መያዝ አለበት። የካንሰር ስም በብዙዎቻችን ጆሮ እንደ ሞት ፍርድ ይሰማል። የሕፃናት ካንሰር ግን በጠባዩ ከአዋቂዎቹ ይለያል። አብዛኛው ከወላጅ ጥፋት፣ ከአመጋገብ ወይም ከሲጋራ ጋር አይያያዝም። ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። ብዙዎቹ ዓይነቶች በፍጥነት የሚባዙ በመሆናቸውም ኬሞቴራፒ በደንብ ይመታቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በየዓመቱ ዕድሜያቸው እስከ 19 ዓመት የሆነ 400 ሺህ ያህል ልጆች በካንሰር ይያዛሉ። በበለጸጉ ሀገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ብዙ ሀገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው።

እዚህ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1948 በቦስተን ከተማ ሲድኒ ፋርበር የተባለ ሐኪም፣ አሚኖፕተሪን በሚባል መድኃኒት የደም ካንሰር የያዛቸው አንዳንድ ሕፃናት ለተወሰኑ ወራት ማገገማቸውን ይፋ አደረገ። ከዚያ በፊት ለእነዚህ ሕፃናት ከደም መስጠትና ከማጽናናት ያለፈ የሚደረግላቸው ነገር አልነበረም። በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ የሚገኘው ሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ ሲጀምር፣ በልጆች ላይ በብዛት ከሚታየው የደም ካንሰር ዓይነት የሚድኑት ከመቶ 4 ያህሉ ነበሩ። ዛሬ በዚያው ሆስፒታል ከመቶ ከ90 በላይ ይድናሉ። ለውጡን ካመጡት መድኃኒቶች መካከል ቪንክሪስቲን፣ ሜቶትሬክሴት፣ ፕሬድኒሶሎንና መርካፕቶፑሪን ይገኙበታል፤ እነዚህ ሁሉ በሥራ ላይ ከዋሉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ልጆቻችንን ለማዳን አዲስ ግኝት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረውን የሕፃናት ካንሰር ዘመቻ ያቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ግቡ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ በዓለም ዙሪያ ካንሰር ከሚይዛቸው ልጆች ቢያንስ 60 በመቶዎቹ እንዲተርፉ ማድረግ ነው። ቅድሚያ የተሰጣቸው ስድስት ዓይነቶች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ መካከል የደም ካንሰር፣ የኩላሊት ዕጢ፣ የዓይን ውስጥ ካንሰርና መንጋጋን የሚያሳብጠው በርኪት ሊምፎማ ይገኛሉ።

ታዲያ በሽታው ያው ከሆነ፣ መድኃኒቱም የታወቀ ከሆነ፣ በ80 እና በ30 መካከል ያለውን ገደል የቆፈረው ምንድን ነው? መልሱ ብዙ ነው፤ የመድኃኒት መጥፋት፣ የባለሙያ እጥረት፣ የላቦራቶሪ ድክመት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሁለቱ ትልልቅ ምክንያቶች ግን ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ያሉ ናቸው፤ አንደኛው ዘግይቶ መምጣት፣ ሁለተኛው የተጀመረውን ሕክምና ማቋረጥ። ሁለቱም የሚወሰኑት በቤተሰቡ ጓዳ ነው።

ገንዘቡ የሚያልቀው ከሕክምናው በፊት ነው

ዘግይቶ መምጣትን በቸልተኝነት መተርጎም ይቀለናል። መንገዱን ብንከተለው ግን ሌላ ነገር እናያለን። የደም ካንሰር የያዘው ልጅ መጀመሪያ የሚያሳየው ትኩሳት፣ የፊት መገርጣት፣ ድካምና የአጥንት ሕመም ነው። እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ወባ፣ ታይፎይድ ወይም የደም ማነስ ነው፤ እናትም፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያም እንዲሁ። ሆዱ ያበጠውን ልጅ ደግሞ ትል ይዞት ይሆናል ብለው መድኃኒት ይሰጡታል። ዓይኑ ውስጥ ነጭ ነገር የሚያበራበት ሕፃን "ያድጋልና ይተወዋል" ይባላል። ወባና ታይፎይድ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን በሚያጠቁበት አገር፣ ካንሰር የብዙዎቹ የመጀመሪያ ግምት አለመሆኑ አያስገርምም። የሚያስፈልገው ትኩሳቱ በመድኃኒት አልወርድ ሲል፣ ያለ ምክንያት የበለዘ ቆዳና የሚደማ ድድ ሲታይ፣ ዕብጠቱ ሲያድግ "ሁለተኛ እንየው" የሚል ባለሙያ ነው።

በእነዚህ ሳምንታትና ወራት ቤተሰቡ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ግል ክሊኒክ ይንከራተታል። ፀበል ያስጠምቃል፣ ዱዓ ያስደርጋል፣ ስለት ይሳላል። በየደረጃው ካርድ፣ ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ መድኃኒት፣ መሳፈሪያ ይከፍላል። መጀመሪያ በጉ ይሸጣል፤ ቀጥሎ ጊደሯ፤ ቀጥሎ ብድር ይመጣል። ሪፈር ተጽፎለት ትልቁ ሆስፒታል ሲደርስና የበሽታው ስም ሲነገረው የቤተሰቡ ጥሪት ተሟጧል። ገና መታከም ሊጀምር ነው፣ የቤተሰቡ አቅም ግን ቀድሞውኑ አልቋል። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ለመረዳት ይህንን መርሳት አይገባም።

ስለ ፀበሉም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። እምነትን ከሕክምና ጋር ያጣላ ባለሙያ የሚያተርፈው የለም፤ ቤተሰቡ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ከተገደደ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው አጠገቡ ያለውንና የሚያጽናናውን ነው። ቄሱም ሼሁም "መድኃኒቱንም የሰጠን ፈጣሪ ነው፤ ቀጠሮህን አትዝለል" ቢሉ፣ ቃላቸው ከሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ይልቅ ርቆ ይሄዳል። የሃይማኖት አባቶችን ተቃራኒ አድርጎ ከማየት የሕክምናው አጋር ማድረግ ይሻላል።

የመጀመሪያው ወር ወጥመድ

ለብዙ ዓመታት የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ማለት አዲስ አበባ፣ እሱም ጥቁር አንበሳ ማለት ነበር። ዛሬ በጅማ፣ በጎንደርና በመቀሌም የሕፃናት ካንሰር ክፍሎች ተከፍተዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የሆነ ሆኖ ሀገሪቱ ሰፊ ናትና ለአብዛኛው ቤተሰብ ሕክምናው ዛሬም ከቤት ርቆ የሚገኝ ነው።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ዓይነት ሕክምና እንደ ሌላው በሽታ አንድ ሳምንት ተኝቶ የሚወጡበት አይደለም። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት የሚዘልቅ ሲሆን፣ ልጁ በተደጋጋሚ መርፌ ይወጋል፣ ከአጥንት መቅኔው ናሙና ይወሰዳል፣ በጀርባው በኩል ወደ አከርካሪው ፈሳሽ መድኃኒት ይገባለታል። ፀጉሩ ይረግፋል። ፕሬድኒሶሎን ፊቱን ያሳብጠዋል፣ ጠባዩን ይለውጠዋል፣ ሌሊት ተነስቶ ምግብ ያስጠይቀዋል። ቀይ ቀለም ያለው የኬሞ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ሽንቱ ቀይ ሲሆን፣ አስቀድሞ ያልተነገራት እናት ደም መስሏት ትጮኻለች። የሚሆነውን ሁሉ በሚገባት ቋንቋ አስቀድሞ የሚነግራት ሰው ካገኘች ግን የምትፈራው በግማሽ ይቀንሳል። ከሩቅ ክልል መጥታ አማርኛ ለማትሰማ እናት አስተርጓሚ ማቆም ደግሞ ግድ ነው።

ወጥመዱ ያለው በዚህ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነው። ወሩ ሲያልቅ ልጁ ይበላል፣ ይስቃል፣ ይሮጣል። የመቅኔው ምርመራ በሽታው እንደማይታይ ያሳያል። ቤተሰቡ ፈጣሪ ሰማን ይላል። ሐኪሙ ግን ሌላ ነገር ያውቃል፤ ማይክሮስኮፕ የማያሳያቸው በቢሊዮን የሚቆጠሩ የካንሰር ሕዋሶች ገና በሰውነቱ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ሕክምናው እዚህ ላይ ከቆመ በሽታው መመለሱ አይቀርም፤ የተመለሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ መድኃኒት የሚቋቋም ነው። ልጁ ደኅና መስሎ በሚታይበት፣ ገንዘብ ባለቀበት፣ ቤት ያሉት ልጆች በሚጣሩበት በዚያ ቀን ነው እንግዲህ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ የሚሄደው።

ያልሄደውም ቢሆን ትልቁ ሥራ ከፊቱ ነው። በመጨረሻው ረጅም ምዕራፍ ሕክምናውን በአብዛኛው የሚሰጠው ቤተሰቡ ራሱ ነው። መርካፕቶፑሪን የተባለው እንክብል በየቀኑ በቤት ይዋጣል፤ መጠኑ በልጁ ቁመትና ክብደት ልክ ስለሚታዘዝ አንዳንዴ በግማሽ እየተሰበረ። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ከታዘዘው መድኃኒት ከ95 በመቶ በታች የወሰዱ ልጆች በሽታው የማገርሸቱ ዕድል ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ቀን መዝለል እንኳ ከዚያ መስፈርት በታች ያደርጋል። ይህን እንክብል ሲመሽ የሚቆጥረው አባት ወይም እናት ከነርሷና ከፋርማሲስቱ የማይተናነስ የሕክምና ሥራ እየሠራ ነው፤ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ሥልጠና፣ ብዙ ጊዜም ያለ ምስጋና።

ትቶ የሄደው ማን ነው?

በሕክምናው ዓለም ሊያድን የሚችል ሕክምናን አለመጀመር፣ ወይም ከጀመሩ በኋላ በተከታታይ ለአራት ሳምንትና ከዚያ በላይ መቅረት ሕክምናን እንደ ማቋረጥ ይቆጠራል። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው "አልተመለሰም" የሚል ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ያለውን ስሌት ግን ማንም አልጻፈውም።

አምስት ልጆች ያሉት ገበሬ አባት እናስብ። አንዱ ልጁ ከተማ ተኝቷል፤ እናትየው አብራው ናት። ሰኔ ገብቷል፤ ዛሬ ያልተዘራ እርሻ ለዓመቱ አይደርስም። በሬውን ከሸጠ ለሕክምናው ጥቂት ወራት ይበቃል፤ አራቱ ልጆች ግን በሚቀጥለው ዓመት ምን ይበላሉ? ሆስፒታል ውስጥ የጠፋውን መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ ግዛ ይባላል። አንዳንዱ መድኃኒት በቅዝቃዜ መያዝ ያለበት ነውና በበረዶ አሽጎ በታክሲ ይሮጣል። ማደሪያው አልጋ ቤት ነው፣ ካልሆነም ከረጅም ጊዜ በፊት የተለያየው ዘመድ ቤት፤ እዚያም የሰው ፊት ማየት አለ። ይህ ሰው ልጁን የሚወድ፣ አምስቱንም የሚወድ ነው። አንዱን ለማትረፍ አራቱን አደጋ ላይ ይጣል ወይስ አራቱን ይዞ አንዱን ለፈጣሪ ይተው? እንዲህ ያለውን ምርጫ ፊቱ ያስቀመጥንለት እኛ ነን። ስለዚህ ትቶ የሄደው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ ቤተሰቡ ሄደ የሚል አይሆንም፤ ሥርዓቱ ለቤተሰቡ መቆያ አላዘጋጀም የሚል ነው።

በከተማ ያለው ተቀጣሪም ከዚህ አይድንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለየት ያለና ከባድ ችግር ለገጠመው ሠራተኛ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል፤ እሱም በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ። ሁለት ዓመት ተኩል የሚታከም ልጅ ያለው ወላጅ በዓመት በአሥር የፈቃድ ቀን ምን ያደርጋል? ቀጣሪው ቅን ሰው ከሆነ ይታገሠዋል፤ ካልሆነ ሥራውን ወይም ልጁን ይመርጣል። ብዙውን ጊዜ ሥራዋን የምትለቀው እናትየዋ ናት።

የሚሠራው መፍትሔ ታውቋል

ይህ ሁሉ የድህነት ዕጣ ነው ብሎ መቀመጥ አይቻልም፤ ምክንያቱም ድሃ በሆነ አካባቢ ተሞክሮ የሠራ መፍትሔ አለ። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ረሲፌ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የደም ካንሰር ይዟቸው ከታከሙ ልጆች በሽታው ሳይመለስባቸው አምስት ዓመት የሞላቸው 32 በመቶ ያህሉ ነበሩ፤ 16 በመቶዎቹ ሕክምናውን አቋርጠው ሄደዋል። ከዚያ በኋላ የተደረገው ነገር መድኃኒት መለወጥ ብቻ አልነበረም። ራሱን የቻለ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ተደራጀ፣ የነርሶች ሥልጠና ተጠናከረ፣ ለቤተሰቦች ማረፊያና መሳፈሪያ ተሰጠ፣ የማኅበራዊ ሠራተኞች ክትትል ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2002 በታከሙት ልጆች ላይ ውጤቱ ሲለካ 32 የነበረው ወደ 63 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ሕክምና የሚያቋርጡት ከ1 በመቶ በታች ወርደዋል። በዚያው ሀገር፣ በዚያው ድህነት ውስጥ ሕክምና ማቋረጥ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው።

ሀብታሞቹም ቢሆኑ ይህን ትምህርት ያገኙት ከወላጆች ነው። በፊላደልፊያ የሕፃናት ካንሰር ሐኪም የነበሩት ኦድሪ ኢቫንስ ወላጆች በሆስፒታል ወንበር ላይ ተኮራምተው ሲያድሩ አይተው ዝም አላሉም። ልጁ የደም ካንሰር ከያዛት ፍሬድ ሂል ከተባለ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ጋር ተባብረው እ.ኤ.አ. በ1974 ለአስታማሚ ቤተሰቦች ማረፊያ ቤት ከፈቱ። የሮናልድ ማክዶናልድ ቤት ተብሎ የሚታወቀውና ዛሬ በብዙ ሀገሮች የተስፋፋው ማረፊያ የተወለደው በዚህ መልክ ነው። ሴንት ጁድም ከሕክምናው ሌላ የቤተሰቡን የጉዞ፣ የማረፊያና የምግብ ወጪ ይሸፍናል። በዓለም ላይ ከፍተኛ ውጤት ካስመዘገቡት ሆስፒታሎች አንዱ ቤተሰቡን ከሕክምናው ለይቶ አያየውም።

በሀገራችንም ዘሩ ተዘርቷል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረቱት ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው። ተስፋ አዲስ የተባለው የሕፃናት ካንሰር ወላጆች ድርጅት ደግሞ ከክልል ለሚመጡ ሕፃናትና አስታማሚዎቻቸው ማረፊያ በመስጠት ይታወቃል። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ሐዘን የሌላው መደገፊያ ያደረጉ ናቸውና ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን የአንድ ሀገር የሕፃናት ካንሰር ሕክምና በጥቂት ያዘኑ ወላጆች ትከሻ ላይ ሊቆም አይችልም።

ማረፊያው የሕክምና አካል ነው ስንል ከርኅራኄ ብቻ የመነጨ ነገር አይደለም። ከኬሞ በኋላ የልጁ ነጭ የደም ሕዋስ በጣም ይወርዳል። በዚያ ሰሞን ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ በአፋጣኝ ሆስፒታል ደርሶ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ካልተሰጠው በካንሰሩ ሳይሆን በኢንፌክሽን ሊሞት ይችላል። ከሆስፒታሉ አንድ ቀን በሚያስኬድ ቦታ ያለ ቤተሰብ ሌሊት ለተነሳ ትኩሳት ምን ያደርጋል? ለዚህ ልጅ በሆስፒታሉ አቅራቢያ ያለ አልጋ፣ አንድ ቴርሞሜትርና የሚደወልበት ስልክ ከአንቲባዮቲኩ የማይለይ መድኃኒት ነው።

ጠያቂ፣ ዕድርና ደም

ከመንግሥት ውጭም ቢሆን ብዙ ሀብት አለን። ሕመምተኛን መጠየቅ በእኛ ዘንድ ግዴታ ነው፤ ያልጠየቀ ጎረቤት ይታዘቡታል። ነገር ግን ነጭ የደም ሕዋሱ የወረደ ልጅ ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ተሰብስቦ ሲስመውና ሲያስል፣ ፍቅራችን ራሱ አደጋ ይሆናል። ጥየቃው ይቅር አንልም፤ መልኩን ይለውጥ ነው የምንለው። አንዱ ቤት የቀሩትን ልጆች ምሳ ያብላ። ሌላው እርሻውን በደቦ ይረስ። የዕድሩ ዳኛ በሐዘን ቀን የሚወጣውን ገንዘብ ከፊሉን ልጁ በሕይወት ሳለ ለመሳፈሪያ ማዋል የሚቻልበትን ደንብ ለአባላቱ ያቅርብ። ለቀብር በአንድ ቀን ድንኳን መትከል የቻለ ማኅበረሰብ ለማዳንም መደራጀት አያቅተውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ደግሞ ደም ነው። ኬሞ የሚወስድ ልጅ በየጊዜው ደምና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ያስፈልገዋል። ፕሌትሌት ተለይቶ ከወጣ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአምስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ በበዓል ተሰብስቦ ተለግሶ የሚከማች ነገር አይደለም፤ ሁልጊዜ የሚለግስ ሰው ይፈልጋል። አጎት፣ የሰፈር ወጣት፣ የትምህርት ቤት መምህር በየሦስት ወሩ ወደ ደም ባንክ ቢሄድ፣ ከብርቱካንና ከሙዝ ይልቅ ያ ጥየቃ ልጁን ያኖረዋል።

ለልጁ ምን እንንገረው?

ቤተሰብን ከሚያደክሙት ሸክሞች አንዱ ምሥጢር ነው። ብዙ ወላጆች የበሽታውን ስም ለልጃቸው፣ ለጎረቤትም፣ አንዳንዴም እርስ በርስ እንኳ አይናገሩም። ልጁን ከፍርሃት ለመጠበቅ ያደረጉት ነው። ይሁን እንጂ ማይራ ብሉቦንድ ላንግነር የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ሰብ ተመራማሪ የደም ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ጋር ብዙ ጊዜ አሳልፈው እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ያሳዩት ሌላ ነገር ነው። ገና ትንንሽ የሆኑ ልጆች እንኳ ማንም ሳይነግራቸው ሁኔታቸውን ያውቁ ነበር። የሚያውቁትን ይደብቁ የነበረውም ወላጆቻቸው እንዳያዝኑ ብለው ነው። ወላጅ ለልጁ ሲል፣ ልጅም ለወላጁ ሲል ይደብቃል፤ ሁለቱም ብቻቸውን ይፈራሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የአራት ዓመት ልጅ የሕዋስ ትምህርት አያስፈልገውም። "ደምህ ታሟል፤ ስሙ ካንሰር ይባላል፤ አንተ ያደረግኸው ጥፋት አይደለም፤ መርፌው ያማል፣ እኔ ግን እጅህን ይዤ አብሬህ ነኝ" የሚል እውነት ይበቃዋል። አይወጋህም ተብሎ የተወጋ ልጅ በማግስቱ ማንንም አያምንም። ቤት ለቀሩት እህትና ወንድሞችም እውነቱ ይነገራቸው፤ ካልተነገራቸው ወንድማችን የታመመው እኛ ስለመታነው ነው ብለው በልባቸው ይይዙታል። ለመምህሩም ይነገር፤ ፀጉሩ የረገፈ ልጅ ወደ ክፍሉ ሲመለስ በሽታው እንደማይተላለፍ ለጓደኞቹ የሚያስረዳ እሱ ነውና።

የማይድኑ ልጆችም ይኖራሉ። ለእነሱና ለቤተሰቦቻቸው "ከዚህ በኋላ የምናደርገው የለም" የሚል ቃል መነገር የለበትም። ሕመምን ማስታገስ ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር ነው። ለከባድ ሕመም በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ ለሕፃናትም ይሰጣል። ልጁ ያለ ስቃይ፣ በራሱ ቤት፣ በእናቱ እቅፍ የመሰንበት መብት አለው፤ ቤተሰቡም ሁሉን አድርገናል ብሎ የመጽናናት።

ምን ይደረግ?

እንግዲህ የምንጠይቀው ረቂቅ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት የመሳፈሪያና የማረፊያ ወጪን በጥቅሉ ውስጥ ያስገባ። ሕክምናውን ከፍሎ መንገዱን ያልከፈለ መድን ከፊሉን ገንዘብ በከንቱ ያፈሰሰ ነው፤ በሦስተኛው ወር የተቋረጠ ኬሞ ማንንም አያድንምና። ሁለተኛ፣ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ያለው እያንዳንዱ ሆስፒታል በአቅራቢያው የአስታማሚ ማረፊያ ይኑረው፤ የአልጋ ብዛት ሲታቀድ የአስታማሚም አልጋ ይታቀድ። ሦስተኛ፣ መሠረታዊዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች ከሆስፒታሉ ፋርማሲ እንዳይጠፉ አስቀድሞ ግዥ ይፈጸም፤ በረዶ ታቅፎ ከተማውን የሚያስስ አባት ዳግም አይታይ።

አራተኛ፣ ከምርመራው ቀን ጀምሮ አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ስንት ልጅ አለ፣ ማን ያርሳል፣ ማን ያበስላል፣ ምን ቀርቷል ብሎ ይጠይቅ። ቀጠሮ ያለፈበት ልጅ አራት ሳምንት እስኪሞላው ሳይጠበቅ በሁለተኛው ቀን ይደወልለት፤ ስልክ ከሌለው በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤቱ ድረስ ይሂዱ። ይህን የሚያደርግ መረብ ሀገሪቱ አላት፤ የጎደለው ሆስፒታሉን ከቀበሌው የሚያገናኘው ክር ነው። አምስተኛ፣ የሥራ ሕጋችን ረጅም ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ላለው ወላጅ ሥራውን ሳያጣ የሚያስታምምበትን ፈቃድ ይደንግግ።

እነዚህ ነገሮች ገንዘብ ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ የራዲዮቴራፒ መሣሪያ ወይም አዲስ ሕንፃ ከሚፈልገው ጋር ሲተያዩ ትንሽ ናቸው፤ ረሲፌ እንዳሳየችውም የሚታደጉት ሕይወት ብዙ ነው። ወላጅ ልጁን ለማዳን እንዲጨክንና እንዲጸና ስንጠይቀው ኖረናል፤ በአብዛኛው ከአቅሙ በላይ ጸንቷል። አሁን ተራው የእኛ ነው፤ የመንግሥት፣ የመድን፣ የቀጣሪ፣ የዕድርና የጎረቤት። የሚድን ልጅ መንገድ ላይ እንዳይቀር ቤተሰቡን መደገፍ የሕክምናው ሥራ ነውና በሕክምናው በጀት፣ በሕክምናው ዕቅድ፣ በሕክምናው ተጠያቂነት ውስጥ ይግባ።